አቡ ረይሃን አል-ቢሩኒ፦ ሚዛንን እንደ አማና የያዙ ሊቅ

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም።



የአንድ ታላቅ ሊቅ ታሪክ ከመጀመራችን በፊት ስለ ራሳችን አንድ ነገር እንናገር። ባለፈው ሴሚስተር አምስት ሆነን የአፈር ላብራቶሪ ትምህርት ላይ ነበርን። የዕለቱ ሥራ የአፈርን ስፔሲፊክ ግራቪቲ መለካት ነበር፤ ማለትም አፈሩ ከእኩል ይዘት ውኃ ጋር ሲነጻጸር ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ማወቅ። ሥራው ቀላል ይመስላል። ፒክኖሜትር የሚባለው አንገተ ጠባብ ጠርሙስ ይመዘናል፣ 50 ግራም የደረቀ አፈር ይገባበታል፣ ውኃ ይጨመርበታል፣ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል የተደበቀው አየር እንዲወጣ ይፈላል፣ ሲቀዘቅዝ እስከ ምልክቱ ተሞልቶ እንደገና ይመዘናል። የቀረው ሒሳብ ነው።

የብዙ አፈሮች ውጤት ከ2.6 እስከ 2.8 ባለው ውስጥ ይወድቃል። የእኛ ግን 2.41 መጣ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ስለቸኮልን በደንብ አላፈላነውም፣ አየሩም አልወጣም። አየሩ ቦታ ስለሚይዝ አፈሩን ከይዘቱ በላይ ትልቅ፣ ስለዚህም ቀላል ያስመስለዋል። ላቡ ሊዘጋ ትንሽ ደቂቃ ቀርቶታል፣ መግሪብም ደርሷል። እንደገና እንሥራ ያለ ከመካከላችን አልነበረም። በመጨረሻው ሚዛን ላይ 2 ግራም የማይሞላ ቁጥር ጨመርንና ውጤቱን 2.65 አደረግነው። ሪፖርቱን አስገባን። ጥሩ ማርክም አገኘን።

በዚያው ሳምንት በመግሪብና በዒሻ መካከል የምንከታተለው ደርስ ሱረቱል ሙጠፊፊን ላይ ደረሰ። በሚዛንና በስፍር ስለሚያጎድሉ ሰዎች የወረደውን ማስጠንቀቂያ በልጅነታችን መድረሳ ቁጭ ብለን በቃል የያዝነው ነው። ሁልጊዜ የምናስበው ግን የገበያ ነጋዴን ነበር፤ ጤፍ የሚሰፍረውን፣ ሥጋ የሚመዝነውን። ያን ምሽት ግን እርስ በርሳችን ተያየን። በእጃችን ሚዛን ይዘን የተሳሳተ ቁጥር የጻፍነው እኛው ነበርን። የዚህ እትም ጽሑፍ ስለ አቡ ረይሃን አል-ቢሩኒ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ያ ያበላሸነው ሙከራ ከእርሳቸው እጅ የወጣ ያህል የሚቀርብ መሆኑን ያወቅነው ታሪካቸውን ስናነብ ነው።

ልጅነትና ስደት

ሙሉ ስማቸው አቡ ረይሃን ሙሐመድ ኢብን አሕመድ አል-ቢሩኒ ነው። በ362 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ973 ከአራል ባሕር በስተደቡብ በምትገኘው የኸዋሪዝም ምድር፣ ካዝ በምትባል ከተማ ተወለዱ። ቦታው ዛሬ በኡዝቤኪስታን ውስጥ ሲሆን ከተማዋም በእርሳቸው ስም ትጠራለች። ቢሩን በፋርስኛ ውጭ ማለት ነው፤ ከከተማው ዳርቻ የመጡ መሆናቸውን ያመለክታል ይባላል።

አላህ ገና በልጅነታቸው ጥሩ አስተማሪ ሰጣቸው። አቡ ነስር መንሱር ከአካባቢው ገዢ ቤተሰብ የተወለዱ ቢሆኑም ዕድሜያቸውን ለሒሳብና ለሥነ ፈለክ የሰጡ ሊቅ ነበሩ። ወጣቱ አል-ቢሩኒ ከእርሳቸው ሥር ሆነው የፀሐይን ከፍታ መለካትና የከተሞችን አቀማመጥ ማስላት ተማሩ።

ይህ ሰላም ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ995 በኸዋሪዝም ጦርነት ተነሣ፣ የአስተማሪያቸው ቤተሰብም ሥልጣኑን አጣ። አል-ቢሩኒ በ22 ዓመታቸው፣ ማለትም በእኛ ዕድሜ፣ የጀመሩትን ምርምር ትተው ተሰደዱ። ሬይ በምትባለው የፋርስ ከተማ በድህነት ኖሩ። በዚያ የነበረ አንድ ኮከብ ቆጣሪ በእውቀት ጉዳይ ሲከራከሩት ድሃ በመሆናቸው ብቻ እንደናቃቸው፣ በኋላ ኑሯቸው ሲቃና ደግሞ ወዳጅ ሆኖ እንደቀረባቸው ራሳቸው ጽፈውታል።

በዚያው ከተማ አል-ኹጀንዲ የተባሉ ሊቅ ነበሩ። እኚህ ሰው የፀሐይን ከፍታ ለመለካት ራዲየሱ 20 ሜትር ያህል የሆነ ግዙፍ መሣሪያ በተራራ ላይ አስገንብተዋል። መሣሪያ ሲተልቅ ክፍልፋዮቹ ይሰፋሉ፣ ንባቡም ይጠራል። ሆኖም የአል-ኹጀንዲ ውጤት ትንሽ ዛነፍ አለ። አል-ቢሩኒ ጉዳዩን ከባለቤቱ ጠይቀው መረመሩና ምክንያቱን አስረዱ፤ የፀሐይ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ በልኬቱ ወራት መካከል ከሕንፃው ጋር ዝቅ ብሎ ነበር። እኛ የምሕንድስና ተማሪዎች ይህን ስናነብ የመሠረት መስመጥ የሚለውን ምዕራፍ እናስታውሳለን። አል-ቢሩኒ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ቁጥሩን የወለደውን መሣሪያም ይጠይቁ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ997 የጨረቃ ግርዶሽ በሚታይበት ሌሊት እርሳቸው በካዝ፣ ታዋቂው የሒሳብ ሊቅ አቡል ወፋ ደግሞ በባግዳድ ሆነው ግርዶሹን ለመከታተል ተስማሙ። ግርዶሹ ለሁለቱም በአንድ ቅጽበት የሚታይ በመሆኑ፣ በየከተማቸው የነበረውን ሰዓት በማነጻጸር ከተሞቹ በምሥራቅና በምዕራብ ምን ያህል እንደሚራራቁ አሰሉ። ስልክም ሆነ ቴሌግራም የሌለበት ዘመን እንደነበር አንርሳ።

ከኢብን ሲና ጋር የተጻጻፉትም በወጣትነታቸው ነው። አል-ቢሩኒ በአሪስጣጣሊስ ትምህርት ላይ 18 ጥያቄዎችን ላኩላቸው። ከጥያቄዎቹ አንዱ በረዶ ለምን በውኃ ላይ ይንሳፈፋል የሚል ነበር። መልሱ ሲደርሳቸው ያላሳመናቸውን ነጥብ ሳይሸፋፍኑ መልሰው ተከራከሩ። የትልቅ ሰው ስም ማስረጃ ሆኖ አልታያቸውም።

በሱልጣኖች እጅ

እ.ኤ.አ. በ1017 የገዝኒው ሱልጣን ማህሙድ ኸዋሪዝምን ያዘና ሊቃውንቱን ወደ ዋና ከተማው ወሰዳቸው። ገዝኒ በዛሬዋ አፍጋኒስታን ትገኛለች። አል-ቢሩኒ በ44 ዓመታቸው እንደገና አገራቸውን አጡ። እንግዳ ይሁኑ እስረኛ ለመለየት በሚያስቸግር ሁኔታ ይኖሩ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት በካቡል አቅራቢያ በምትገኝ አንዲት መንደር ሳሉ ኑሯቸው እጅግ ከፍቶ፣ መለኪያ መሣሪያ እንኳ አልነበራቸውም። ይሁንና የቦታውን አቀማመጥ ማወቅ ፈለጉ። የሒሳብ መሥሪያ ሰሌዳቸውን ገልብጠው በጀርባው ላይ በዲግሪ የተከፋፈለ ቅስት ሣሉ፣ ክብደት ያለው ክር አንጠለጠሉበት፣ በዚያም የፀሐይን ከፍታ ለኩ። ላባችን ዕቃ የለውም እያልን ለምናማርር ለእኛ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ስለ ከተሞች አቀማመጥ በጻፉትና እ.ኤ.አ. በ1025 በጨረሱት መጽሐፍ ውስጥ ዋና ዓላማቸው የገዝኒን ቂብላ በትክክል ማግኘት ነበር። እዚህ ላይ አንድ የሚወሳ ነገር አለ። ለሶላት ወቅት መለያ የሚያገለግል መሣሪያ በሮማውያን ወሮች ስም ተቀርጾ ሲቀርብ አንድ የመስጊድ ሰው ይህ የከሃዲያን ነገር ነው ብሎ አልቀበልም አለ። አል-ቢሩኒ ሮማውያን ምግብም እንደሚበሉ አስታወሱትና በመብላትም እንዳይመስላቸው መከሩት። ዛሬም በመካከላችን ዲኑንና ሳይንሱን ለማጣላት የሚቸኩል ሲያጋጥመን ይህች ታሪክ ትጠቅመናለች።

ከሱልጣኑ ጦር ጋር ወደ ህንድ ምድር የተጓዙት አል-ቢሩኒ ሰይፍ አላነሡም። ሳንስክሪት ተማሩ፣ ከህንድ ሊቃውንት ጋር ተቀመጡ፣ እ.ኤ.አ. በ1030 ገደማም ስለ ህንድ ሕዝብ እምነትና እውቀት የጻፉትን ታላቅ መጽሐፍ ፈጸሙ። የማይስማሙበትን እምነት እንኳ ባለቤቶቹ በሚረዱት መንገድ በሐቅ ማስቀመጥን መርሕ አደረጉ። ይህም የሚዛን ሥራ ነው።

ምድርን በአንድ ተራራ

በዛሬዋ ፓኪስታን፣ ፑንጃብ ውስጥ ናንዳና የሚባል ምሽግ አለ። አል-ቢሩኒ እዚያ ሳሉ ሜዳውን ቁልቁል የሚያይ ተራራ አገኙ። ከእርሳቸው በፊት የኸሊፋ አል-መእሙን ባለሙያዎች በበረሃ ረጅም ርቀት በእግር እየለኩ የምድርን አንድ ዲግሪ 56 ማይል ከሁለት ሦስተኛ አድርገውት ነበር። አል-ቢሩኒ ይህን በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ፈለጉ።

ዘዴው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ከሜዳው ሆነው በሁለት ማዕዘን የተራራውን ከፍታ ለኩ፤ 652 ክንድ ያህል ሆነ። ከዚያ ተራራው ላይ ወጥተው ሰማይና ምድር የሚገናኙበት መስመር ከአግድም ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ለኩ፤ 34 ደቂቃ ሆነ፣ ይህም ከአንድ ዲግሪ ጥቂት ከግማሽ በላይ ነው። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮችና በትሪጎኖሜትሪ የምድርን ራዲየስ አሰሉ። ከውጤቱ አንድ ዲግሪ 56 ማይል ያህል መጣ።

ይህን ስሌት ራሳችን ቁጭ ብለን ሠራነው። ማዕዘኑ በጣም ትንሽ ስለሆነ በአንድ ደቂቃ ብቻ ብንሳሳት የምድር ራዲየስ በ6 በመቶ ያህል ይለወጣል። ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ መጠነኛ መታጠፍ ስለሚያጋጥመው የምናየው መስመርም በትክክል ያለበት ቦታ ላይ አይደለም። ዘዴው ድንቅ ነው፣ ልኬቱ ግን ስስ ነው። አል-ቢሩኒም ይህን አላጡትም። ውጤታቸው ከቀደምቶቹ ጋር መቀራረቡን ካዩ በኋላ የእነዚያ መሣሪያ የረቀቀ፣ ድካማቸውም የበዛ መሆኑን ገልጸው ለሥራቸው የቀደምቶቹን ቁጥር መረጡ። የራሳቸውን ግሩም ሐሳብ ለሌላው ሰው የተሻለ ልኬት ዝቅ አደረጉ። በማኅበራዊ ሚዲያ የአል-ቢሩኒን ቁጥር እያጋነንን የምናሰራጭ ወንድሞችና እህቶች ይህን ብናውቅ መልካም ነው። እርሳቸው በራሳቸው ያላጋነኑትን እኛ ልናጋንንላቸው አይገባም።

ጠርሙሱና ሚዛኑ

አሁን ወደ ላባችን እንመለስ። አል-ቢሩኒ ስለ ብረታ ብረትና ስለ ከበሩ ድንጋዮች ይዘት በጻፉት መጣጥፍ 18 ያህል ነገሮችን መዝነዋል። ችግሩ የቆየ ነው። ወርቅ ከመዳብ ጋር ተቀላቅሎ ቢሸጥ በምን ይታወቃል? ክብደት ብቻውን አይናገርም፣ ቅርጹ ወጣ ገባ የሆነ ዕንቁም በማስመሪያ አይለካም።

ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ የሆነ፣ አንገቱ ላይ ወደ ታች የታጠፈ መውረጃ ያለው ዕቃ ሠሩ። ዕቃው እስከ መውረጃው በውኃ ይሞላል። የተመዘነው ብረት ወይም ዕንቁ ቀስ ብሎ ይገባል። በይዘቱ ልክ የሚፈሰው ውኃ ከታች በሚጠብቀው ሳህን ተይዞ ይመዘናል። አንገቱ የጠበበበት ምክንያት አለው፤ ትንሽ ነገር ሲገባ ውኃው በሰፊ አፍ ላይ ከፍ ማለቱ አይታወቅም፣ በጠባብ አንገት ግን ይታወቃል። ውኃ በመውረጃው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ እየቀረ ሲያስቸግራቸውም መሣሪያውን ደጋግመው አሻሻሉት። ዛሬ የገጽታ ውጥረት ብለን የምንማረው ነገር ነው ሥራቸውን የፈተነው።

በዛሬ ቁጥር ብንናገር 100 ግራም ንጹሕ ወርቅ 5.2 ግራም ያህል ውኃ ያፈሳል፣ 100 ግራም መዳብ 11.2፣ 100 ግራም ብረት 12.7። ስለዚህ የተቀላቀለ ወርቅ በሚያፈሰው ውኃ ይጋለጣል። የአል-ቢሩኒ ውጤቶች ወደ ዛሬው አለካክ ሲቀየሩ እርሳስ 11.4፣ ብረት 7.8፣ ቆርቆሮ 7.2 አካባቢ ይሆናሉ። የዛሬዎቹ ቁጥሮች 11.3፣ 7.9 እና 7.3 ናቸው። ቀዝቃዛና ሙቅ ውኃ፣ ጨዋማና ጨው አልባ ውኃ እኩል እንደማይመዝኑም ለይተዋል።

ጉዳዩ የሩቅ ዘመን ብቻ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. በሀገራችን ወርቅ ተብሎ የተሸጠ፣ ሲመረመር ግን በወርቅ የተለበጠ ብረት ሆኖ የተገኘ ጡብ ብዙ አነጋግሮ ነበር። የአል-ቢሩኒ ጠርሙስና ሚዛን ይህን ለመለየት ይበቃ ነበር።

ዛሬ በዓለም ያሉ የምርመራ ላብራቶሪዎች የዱቄትና የቅንጣትን እፍጋት የሚለኩት በዚሁ መርሕ ነው። ልዩነቱ በውኃ ፋንታ ሂሊየም ጋዝ መጠቀማቸው ነው። ሂሊየም ውኃ ወደማይደርስባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስለሚገባ እኛን ያሳሳተን ዓይነት የአየር ችግር አይኖርም። ከእፍጋት አልፈው የቅንጣቶችን ገጽ ስፋትም ይለካሉ፤ ናይትሮጅን በቅዝቃዜ በገጹ ላይ እንዲለጠፍ ይደረግና የተለጠፈው መጠን ይሰላል። ይህ ስሌት እ.ኤ.አ. በ1938 በሦስት ተመራማሪዎች ወጥቶ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በእፍኝ ውስጥ የማይታወቅ አንድ ግራም የተዘጋጀ ከሰል 1000 ካሬ ሜትር ያህል ገጽ ሊኖረው እንደሚችል የታወቀው በዚህ ነው። ሱብሐነላህ! የውኃ ማጣሪያ፣ መድኃኒትና ሲሚንቶ ሁሉ በዚህ ልኬት ይፈተናሉ። አንዱ ላብ ቁጥር ቢፈበርክ የሚጎዳው ውኃውን የሚጠጣውና ፎቁ ውስጥ የሚኖረው ሰው ነው።

የአል-ቢሩኒን የመመዘን ሥራ ለእኛ ካቆዩልን አንዱ አል-ኻዚኒ ናቸው። በባርነት አድገው ነጻ የወጡት እኚህ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1121 ገደማ የጥበብ ሚዛን በተባለው መጽሐፋቸው የአል-ቢሩኒን ውጤት አስፍረው ሥራውን አስቀጠሉት።

እባቡና ኤመራልዱ

አል-ቢሩኒ በሸመገሉበት ጊዜ ስለ ከበሩ ድንጋዮች መጽሐፍ ጻፉ። በዘመኑ እባብ ኤመራልድ የተባለውን አረንጓዴ ዕንቁ ሲያይ ዓይኑ ይጠፋል የሚል ወሬ ነበር። መጻሕፍት ጽፈውታል፣ ሰውም ተቀብሎታል። እርሳቸው ግን እባብ አስመጥተው ዕንቁውን በአንገቱ አደረጉለት፣ ከሥሩ አነጠፉለት፣ ከፊቱ አንጠለጠሉለት። በሙቀትም በብርድም ለዘጠኝ ወር ሞከሩ። የእባቡ ዓይን ምንም አልሆነም። ይህንኑም ጻፉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ላቡ ውስጥ መቆየት ያቃተን እኛ ስለ ዘጠኙ ወር ስናስብ አፈርን።

የመጨረሻው ሰዓት

ለሱልጣን መስዑድ በሥነ ፈለክ ላይ የጻፉትን ታላቅ መጽሐፍ ባበረከቱ ጊዜ ሱልጣኑ የዝሆን ጭነት ብር እንደላከላቸውና አያስፈልገኝም ብለው እንደመለሱት ይነገራል። በ60ዎቹ ዕድሜያቸው የሥራዎቻቸውን ዝርዝር ሲጽፉ ከ100 በላይ ሆነው ተገኙ። በሂጅራ አቆጣጠር ከ80 ዓመት ካለፉ በኋላ፣ ዓይናቸውና ጆሯቸው ደክሞ ሳለ፣ በሰው እየተረዱ ስለ መድኃኒቶች የመጨረሻ መጽሐፋቸውን አዘጋጁ።

በሞት አፋፍ ላይ ሳሉ አንድ የፊቅህ ዓሊም ሊጠይቃቸው ገባ። ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ስለ አያቶች የውርስ ድርሻ ቀድሞ ያነሣላቸውን መስአላ እንዲደግምላቸው ጠየቁት። እርሱም አዝኖ በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነው እንዴት ይጠይቃሉ አላቸው። እርሳቸው ዱንያን ሳያውቁት ከመሰናበት አውቀውት መሰናበት እንደሚሻል መለሱለት። አስረዳቸው፣ ደገሙለት፣ በቃላቸውም ያዙት። ሰውየው ወጥቶ መንገድ ላይ ሳለ የለቅሶ ድምፅ ሰማ። ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. ከ1048 እስከ 1050 ባለው ጊዜ ነው። አላህ ይዘንላቸው።

ከሕይወታቸው የምንወስደው

የአል-ቢሩኒን ስም በኩራት ማንሳት ቀላል ነው። እርሳቸው በልኬት ያሳዩትን ሐቀኝነት በላብ ሪፖርታችን ላይ ማሳየት ግን ከባድ ነው። አንደኛ፣ መሣሪያ ማነስ ለሐሰት ምክንያት አይሆንም፤ ሰሌዳ ገልብጠው ለክተዋል። ሁለተኛ፣ የራስን ውጤት መጠርጠር ውርደት አይደለም። ሦስተኛ፣ ቁጥር አማና ነው። መምህሩ ባያይ አላህ ያያል።

እኛም ከብዙ ክርክር በኋላ ወደ መምህራችን ሄደን የሠራነውን ነገርናቸው። ከመካከላችን አንዱ እስከ በሩ ድረስ ይቅርብን እያለ ነበር። መምህራችን ዝም ብለው ሰሙን፣ ማርካችንን ቀነሱ፣ እንደገና እንድንሠራም ፈቀዱልን። በዚህ ጊዜ አየሩ እስኪወጣ ድረስ ታግሰን አፈላነው። ውጤቱ 2.58 መጣ። መጽሐፉ ከሚለው አሁንም ያንሳል። የቀረ አየር ሊኖር እንደሚችልና አፈሩም ጥቂት ብስባሽ ሊኖረው እንደሚችል አስረድተን 2.58 ብለን ጻፍነው።

አላህ ጠቃሚ ዒልም ይስጠን፣ በምንመዝነውም በምንጽፈውም ሐቀኞች ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።